ከማን ጋር እንቀመጣለን?



ሰው ከማን ጋር እንደሚጸልይ መጠየቅ ቀላል ነው፤ ከማን ጋር እንደሚበላ መጠየቅ ግን ይከብዳል። በአንድ ጣሪያ ሥር ቆመው «አባታችን ሆይ»ን በአንድ ድምፅ የደገሙ ሰዎች፣ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው ለማዕድ ሲጠሩ በየወገናቸው ሲለያዩ በብዙ አገር ታይቷል። ይህ ነገር ለእኛ ለጋሞ ምድር ሰዎች የሩቅ ወሬ አይደለም፤ ከጨንቻ ደጋ እስከ አባያና ጫሞ ሐይቆች ዳርቻ ድረስ የምናውቀው ነው። ስለዚህ በዚህ እትም ልንመረምረው የወደድነው የግብረ ገብ ጥያቄ የሚከተለው ነው፦ ለተናቀ ሰው ምግብ መስጠት የፍቅርን ግዴታ ይፈጽማልን? ወይስ ፍቅር ከዚያ ሰው ጎን መቀመጥን፣ ከአንድ ገበታ መጉረስን ጭምር ይጠይቃል?

ጥያቄውን ለማብራራት ምሳሌ የምንወስደው ከሩቅ ነው፤ ይኸውም ከሕንድ ምድር፣ ከፑንጃብ የተነሡት ሲክ የተባሉ አማኞች በዕለት ኑሮአቸው ከያዙት ትምህርት ነው። የራስን ቤት በሚገባ ለማየት የጎረቤትን ቤት ማየት አንዳንድ ጊዜ ይጠቅማልና።

ከሌላው መማር ይገባልን?

አንዳንድ ምእመናን «ክርስቲያን ከሌላ ሃይማኖት ሰዎች ምን ሊማር ይችላል?» ብለው ቢጠይቁ ጥያቄው ተገቢ ነው። የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ጥቅምት 28 ቀን 1965 እ.ኤ.አ. ባወጀው «ኖስትራ ኤታቴ» በተባለው መግለጫ፣ ቤተ ክርስቲያን በሌሎች ሃይማኖቶች ውስጥ የሚገኘውን እውነተኛና ቅዱስ ነገር እንደማትጥል አስተምሮአል። ከዚያም እጅግ ቀደም ብሎ በሁለተኛው ምእተ ዓመት ሰማዕቱ ቅዱስ ዮስጢኖስ የቃል ዘር በሰው ልጆች ሁሉ ዘንድ መዘራቱን ጽፎአል። ጌታችንም የሕጉ ዐዋቂ ባልንጀራው ማን እንደ ሆነ በጠየቀው ጊዜ፣ አይሁድ ይንቁት የነበረውን ሳምራዊ የፍቅር መምህር አድርጎ አቀረበለት። ዛሬም ቅድስት መንበር በየዓመቱ የጉሩ ናናክ የልደት በዓል ሲደርስ ለሲክ አማኞች የሰላምታ መልእክት ትልካለች።

ይህን ስንል ግን ልዩነቱን አንሸሽግም። ሲኮች በአንድ ፈጣሪ ያምናሉ፤ ነገር ግን ቃል ሥጋ መሆኑን አይመሰክሩም፤ ስለ ሞትና ከሞት በኋላ ስለሚሆነው የሚያስተምሩትም ከእኛ እምነት የተለየ ነው። ስለሆነም ሥርዓተ አምልኮን ከሥርዓተ አምልኮ አንቀላቅልም። የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም፦ የእኛን ያህል ወንጌል ያልተሰጣቸው ሰዎች ይህን ያህል ካደረጉ፣ ወንጌሉ የተሰጠን እኛ ምን ያህል ልናደርግ ይገባናል?

ሲኮችና አገራችን

ሲኮች ለኢትዮጵያ ፈጽሞ እንግዶች አይደሉም። ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ በልዩ ልዩ የአገራችን ክፍሎች በተከፈቱት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያስተማሩ ብዙ ሕንዳውያን መምህራን ነበሩ፤ በዕድሜ የገፉ አንባብያን ከእነርሱ መካከል ጢማቸውን ያሳደጉትንና ጥምጥም የሚጠመጥሙትን ያስታውሱ ይሆናል። በከተማችን በአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲም ከሕንድ የመጡ መምህራን አስተምረዋል።

ከመምህራኑ በፊትም በጦርነቱ ዘመን የተደረገ አንድ ሥራ አለ። በጥር 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመተማ ወደ ጎንደር አቅጣጫ ሲገሰግስ፣ ፕሬሚንድራ ሲንግ ባጋት የተባለ የ22 ዓመት ወጣት የሲክ መኮንን ጣሊያኖች በመንገዱ ላይ የቀበሩትን ፈንጂ እያነሣ ለአራት ቀናት ከሠራዊቱ ፊት ተጓዘ። ወደ 88 ኪሎ ሜትር በሚሆን መንገድ ላይ 15 የፈንጂ ቀጠናዎች እንዲጸዱ አደረገ። የተቀመጠበት ተሽከርካሪ ሁለት ጊዜ በፈንጂ ተመታ፤ አብረውት የነበሩ ሰዎች ተጎዱ፤ የአንድ ጆሮው ታምቡር ተቀደደ። በሌላ ሰው ይተካ ቢባልም፣ ሥራውን አሁን ይበልጥ ስለሚያውቀው እርሱ ራሱ ሊፈጽመው እንደሚገባ ተናግሮ ፈቃደኛ ሳይሆን ቀረ። ለዚህም የቪክቶሪያ መስቀል የተባለው ታላቅ የጀግንነት ሽልማት ተሰጠው። ይህን ያደረገው በሃይማኖቱ ትምህርት ብቻ ነው ብለን ልንናገር አንችልም። ነገር ግን ከኋላ የሚመጣው በሰላም እንዲያልፍ ከፊት ሆኖ አደጋን መቀበል፣ ሲኮች «ሴቫ» ብለው ከሚጠሩት፣ ዋጋ ከማይጠበቅበት አገልግሎት ጋር የሚስማማ ሥራ ነው።

ሦስት ቀላል ትእዛዞች

የሲክ ሃይማኖት መሥራች ጉሩ ናናክ ከ1469 እስከ 1539 እ.ኤ.አ. የኖሩ ሰው ናቸው። ከእርሳቸው በኋላ ዘጠኝ መሪዎች ተከታትለው ተነሥተዋል። ትምህርታቸው ለዕለት ኑሮ በሦስት አጫጭር ትእዛዞች ይጠቃለላል። የመጀመሪያው የፈጣሪን ስም ዘወትር ማሰብ፣ ሁለተኛው በላብና በቅንነት ሠርቶ ማደር፣ ሦስተኛው ያገኙትን ከሌላው ጋር ተካፍሎ መብላት ነው። በእነዚህ ትእዛዞች ውስጥ ከዓለም ሸሽቶ በዋሻ መኖር አልታዘዘም። ገበሬው በእርሻው፣ ነጋዴው በሱቁ፣ እናት በማጀቷ ሆና ልትፈጽማቸው የምትችላቸው ናቸው።

ስለ ሁለተኛው ትእዛዝ ሲኮች የሚተርኩት አንድ ታሪክ አለ። ናናክ ወደ አንዲት ከተማ በመጡ ጊዜ ላሎ በተባለ ድኻ አናጢ ቤት አረፉ። የከተማይቱ ባለሥልጣን ማሊክ ባጎ ታላቅ ግብዣ አዘጋጅቶ ቢጠራቸው ለመብላት አልፈቀዱም። ምክንያቱን በተጠየቁ ጊዜ በአንድ እጃቸው የአናጢውን ደረቅ ቂጣ፣ በሌላው እጃቸው የሹሙን የጣፈጠ እንጀራ ይዘው ጨመቁት ይባላል፤ ከአናጢው ቂጣ ወተት፣ ከሹሙ እንጀራ ደም ወጣ። ትርጉሙ ግልጽ ነው። ማዕዱ ያማረ መሆኑ ከየት እንደ መጣ ከመጠየቅ አያድነንም።

ሦስተኛው ትእዛዝ ደግሞ «ላንጋር» በሚባለው የጋራ ማዕድ ይገለጣል። በእያንዳንዱ የሲክ ቤተ ጸሎት፣ እነርሱ «ጉርድዋራ» በሚሉት፣ ለመጣው ሰው ሁሉ ምግብ በነጻ ይቀርባል። የሚገባው ሰው ጫማውን አውልቆ ራሱን ይሸፍናል፤ ከዚያም ከሌሎች ጋር በረድፍ መሬት ላይ ይቀመጣል። ምግቡ አንድ ዓይነት ነው፤ ማንም ቅር እንዳይለው ሥጋ አይገባበትም። የሚያበስሉት፣ የሚያድሉትና ዕቃ የሚያጥቡት በፈቃዳቸው የሚያገለግሉ ናቸው። በአምሪትሳር ከተማ የሚገኘው ዋናው ቤተ ጸሎት በአራቱም ማዕዘን በሮች ያሉት ሲሆን፣ በዚያ በቀን ከ50,000 የሚበልጡ ሰዎች ይመገባሉ። ሦስተኛው መሪ ጉሩ አማር ዳስ ሊያናግራቸው የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ በረድፍ ተቀምጦ እንዲበላ አዘዙ፤ በትውፊታቸውም ንጉሠ ነገሥቱ አክባር ሳይቀሩ ከተራው ሰው ጋር መሬት ላይ ተቀምጠዋል ይባላል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ልናስተውል ይገባል። የላንጋር ዋናው ነገር ምግቡ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ድኾችን በደጅ ሰብስቦ ማብላት ይበቃ ነበር። በዚያ ዘመን በሕንድ አገር ባለጸጎች ለድኾች ምጽዋት ይሰጡ ነበር። የሰው ልጅ በዘሩና በሥራው ከፍና ዝቅ ተደርጎ በተከፋፈለበት በዚያ ኅብረተሰብ የማይደፈረው ነገር ከዝቅተኛው ሰው ጎን ተቀምጦ መብላት ነበር። ናናክና ተከታዮቻቸው የነኩት ይህን ነው። ምጽዋት ሰጪውን በላይ፣ ተቀባዩን በታች አድርጎ ሊተዋቸው ይችላል፤ አንድ ረድፍ ግን ላይና ታች የለውም።

ይህም በማዕድ ብቻ አልቀረም። በ1604 እ.ኤ.አ. ተሰብስቦ የተጻፈውና በኋላም የተሟላው ቅዱስ መጽሐፋቸው ባለ 1,430 ገጽ ነው። በውስጡ ከመሪዎቻቸው መዝሙሮች ጋር የሸማኔው የካቢርና የቆዳ ሠራተኛው የራቪዳስ መዝሙሮች ይገኛሉ፤ የራቪዳስ ወደ 40 ይጠጋሉ። ስለዚህ በዘሩ የሚኮራ ሰው በዚያ መጽሐፍ ፊት በግንባሩ ሲሰግድ፣ ለቆዳ ሠራተኛው ቃል ጭምር ይሰግዳል። በ1699 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዐሥረኛው መሪ ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ አዲስ ማኅበር ሲመሠርቱ በመጀመሪያ የተቀበሉአቸው አምስት ሰዎች አንዱ ባለ ሱቅ፣ አንዱ ገበሬ፣ አንዱ ውኃ ቀጂ፣ አንዱ የጨርቅ ሠራተኛ፣ አንዱ ፀጉር አስተካካይ ነበሩ። አምስቱም ከአንድ ዕቃ ጠጡ። ከዚያ በኋላ መሪው ራሳቸው በእነዚህ ሰዎች ፊት ተንበርክከው ያንኑ መጠጥ ከእጃቸው ተቀበሉ።

በጋሞ ምድር

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በጋሞ ማኅበራዊ ሥርዓት መሬት ያላቸውና በዱቡሻ የሚሰበሰቡት ማላ ይባላሉ። ሸክላ ሠሪዎቹ እንደየአካባቢው ማና ወይም ጭናሻ፣ ቆዳ ፋቂዎቹና ብረት ቀጥቃጮቹ ደጋላ ይባላሉ። በቀድሞው ልማድ ከእነዚህ ባለ እጆች ጋር ጋብቻ የተከለከለ ነበር፤ አብሮ መብላት የተከለከለ ነበር፤ የሐላቃነት ሹመት አይደርሳቸውም ነበር፤ የመቃብር ቦታቸው እንኳ የተለየ ነበር። ክልከላውን የጣሰ ሰው ጎሜ ያገኘዋል፣ በእርሱም ላይ ወይም በአገሩ ላይ መቅሠፍት ይመጣል ተብሎ ይታመን ነበር።

ሕጉ ከተለወጠ ቆይቷል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን በሥራቸው መስደብን በዐዋጅ ከልክለዋል። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ መሬት ላልነበራቸው ብዙዎች የሚያርሱት መሬት የሚያገኙበትን በር ከፈተ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ይደነግጋል። ነገር ግን ዐዋጅ እስከ ቤት ደጃፍ ይደርሳል እንጂ ማጀት አይገባም። በማጀት የሚገዛው ልብ ነው።

ይህ ልብ ምን ያህል ከራሱ ጋር እንደሚጋጭ እንመልከት። ሸክላ ሠሪዋ በእጇ ያበጀችውን ጀበና በቤታችን ከፍ ባለ ቦታ እናስቀምጣለን፤ እንስራዋን በጀርባችን እናዝላለን፤ በድስቷ ወጥ እንሠራለን፤ እርሷ ራሷ ስትመጣ ግን በሌላ ዕቃ፣ በሌላ ጥግ እንድትበላ እናደርጋለን። እጇ የሠራው ዕቃ ካላረከሰን፣ እጇ እንዴት ሊያረክሰን ይችላል? ደጋላው የፋቀውን ቆዳ አንጥፈን እንተኛለን፤ እርሱ ግን በዚያው ቆዳ ላይ ከእኛ ጋር እንዲቀመጥ አንፈቅድም። ምክንያት ብለን የምናቀርበው ሁሉ በዚህ ፈተና ፊት ሊቆም አይችልም።

ሌላም ነገር አለ። የዶርዜ ሸማኔ በአገሩ የተከበረ ሰው ነው፤ ሽመና በጋሞ ነውር አይደለምና። ነገር ግን አባቶቻችንና ወንድሞቻችን ሸማቸውን ይዘው ወደ ሰሜንና ወደ አዲስ አበባ በተሰደዱ ጊዜ፣ ሸማኔን በሚንቅ ኅብረተሰብ መካከል ራሳቸውን አገኙ። ጥበቡን ለብሶ የሚያጌጥ ሰው ጥበበኛውን ሲሰድብ ሰሙ። ያ ስድብ እንዴት እንደሚያቆስል ከጋሞ ሰው የበለጠ የሚያውቅ የለም። እንግዲህ በሽሮ ሜዳ በሥራው ምክንያት የተናቀው ሰው፣ ለመስቀላ በዓል ወደ ደጋው ሲመለስ ሸክላ ሠሪውን በሥራው ምክንያት ሊንቅ እንዴት ይቻለዋል? በራሳችን ላይ ሲደረግ ግፍ ያልነውን፣ እኛ ስናደርገው ልማድ ልንለው አይገባም።

ስለ ላሎ ቂጣና ስለ ማሊክ ባጎ እንጀራ የተተረከውም በዚሁ ሊታሰብ ይገባል። ከጋሞ ደጋ ሕፃናት ትምህርት ትማራላችሁ እየተባሉ ወደ አዲስ አበባ እንደሚወሰዱ፣ ከዚያም በሽመና ጉድጓድ ውስጥ እግራቸውን ሰድደው ከማለዳ እስከ ምሽት እንደሚሠሩ የታወቀ ነው። የሚወስዳቸው ብዙ ጊዜ ዘመድ ወይም የአገር ልጅ ነው። ይህ ሰው በበዓል ጊዜ ወደ አገሩ ተመልሶ በሬ ቢጥልና ጎረቤት ቢጠራ፣ የተጠራው ክርስቲያን እንጀራውን በልቡ ሊጨምቀው ይገባዋል። ወተት ይወጣዋልን? ወይስ የሕፃን እንባ?

የወንጌሉ ማዕድ

ቅዱሳት መጻሕፍትን ስንመረምር ማዕድ የእምነት መመዘኛ ሆኖ እናገኘዋለን። ሐዋርያው ጴጥሮስ በኢዮጴ ሳለ ያረፈው በቆዳ ፋቂው በስምዖን ቤት ነበር። ከሰማይ የወረደውን ጨርቅ ያየው፣ እግዚአብሔር ያነጻውን ሰው ርኩስ እንዳይል የተማረው በዚያ በቆዳ ፋቂ ቤት ሰገነት ላይ ነው። በእኛ አነጋገር፣ የአሕዛብ በር የተከፈተው ከደጋላ ቤት ነው ማለት ነው። ይኸው ጴጥሮስ በኋላ በአንጾኪያ ከአሕዛብ ጋር መብላቱን በተወ ጊዜ፣ ጳውሎስ በሁሉ ፊት ተቃወመው። ጳውሎስ ጉዳዩን እንደ ምግብ ልማድ አላየውም፤ የወንጌልን እውነት የሚነካ አድርጎ ቈጠረው። ለቆሮንቶስ ሰዎችም የጌታን እራት ለመብላት ተሰብስበው ሳለ ባለጸጋው ቀድሞ ሲጠግብ ድኻው የሚራብ ከሆነ፣ የሚበሉት የጌታ እራት አለመሆኑን ጽፎላቸዋል።

በመሥዋዕተ ቅዳሴ ሁላችንም አንዱን እንጀራ እንካፈላለን። አንዱ ማላ፣ ሌላው ደጋላ ሆኖ የሚቀበለው የተለየ ሥጋ፣ የተለየ ደም የለም። እንግዲህ በመንበረ ታቦቱ ፊት የክርስቶስን ሥጋ አብሮአቸው የተቀበለ ሰው፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቆጮውን አብሮ ለመቁረስ ከተጸየፈ፣ ከሁለቱ ማዕዶች የሚበልጠው የትኛው ነው ማለቱ ነው? ሲኮች ከማዕድ ጀምረው ወደ ወንድማማችነት ለመድረስ ይደክማሉ። እኛ ግን እግዚአብሔር ራሱ ማዕዱን ዘርግቶልን ሳለ ከዚያ ተነሥተን ወደ መለያየት ልንሄድ አይገባንም።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

«ይህ በከተማ ቀርቷል» የሚል ይኖራል። በእርግጥ በአርባ ምንጭ ከተማ በአንድ ምግብ ቤት የሚበላ ሰው በአጠገቡ ያለው ማን መሆኑን አይጠይቅም። ነገር ግን አለማወቅ እኩልነት አይደለም። ጋብቻ በተነሣ ጊዜ፣ ዘር ማጣራት በተጀመረ ጊዜ፣ የቀረ የመሰለው ነገር ከመሬት ሥር እንዳለ ውኃ ብቅ ይላል። የሲኮች ማዕድ ብርታቱ ሰዎቹ እየተዋወቁ በአንድ ረድፍ መቀመጣቸው ነው።

«ልማዱን ብንነካ የአገር ሰላም ይደፈርሳል፣ ሽማግሌዎችም ይቀየማሉ» የሚልም አለ። ይህ ሥጋት ሊናቅ አይገባውም፤ የጋሞ ሽማግሌዎች የሰላም ባለ አደራዎች ናቸውና። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው የጋሞ ተወላጆችና ሌሎች ወገኖች በተገደሉና በተፈናቀሉ ጊዜ፣ በአርባ ምንጭ የተቈጡ ወጣቶች ለበቀል ተነሥተው ነበር። ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው በመንገድ ላይ በልጆቻቸው ፊት ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። ንጹሐን ሰዎች ዳኑ። አገሩ ሁሉ ይህን አይቶ አመሰገነ። አባት በልጁ ፊት መንበርከኩ በልማድ የተገለበጠ ነገር ነው፤ ግን ደም እንዳይፈስ ሲባል ተደረገ። የሲኮቹ መሪ በአምስቱ ሰዎች ፊት እንደ ተንበረከኩ ሁሉ፣ የጋሞ አባቶችም ክብር ዝቅ በማለት እንደማይጠፋ አሳይተዋል። እንግዲህ ለሰላም ሲሉ በአስፋልት ላይ የተንበረከኩ ጉልበቶች፣ ለፍትሕ ሲሉ በአንድ ቆዳ ላይ ከሸክላ ሠሪው ጋር ለመቀመጥ ይሳናቸዋልን? ባህላችን ሁለቱንም ይዞአል፤ መለያየትንም፣ ራስን ማዋረድንም። የትኛውን ለልጆቻችን እንደምናወርስ የመምረጥ ኃላፊነት የእኛ ነው።

«ሲኮቹስ ራሳቸው ፈጽመውታልን?» ለሚል ጠያቂ መልሳችን «አልፈጸሙትም» የሚል ነው። በፑንጃብ መንደሮች ዝቅ ተደርገው የሚታዩ ወገኖች የተለየ ቤተ ጸሎትና የተለየ አስከሬን ማቃጠያ ያላቸው ሆነው መገኘታቸው የታወቀ ነው፤ በጋብቻም ዘር የሚቈጥሩ ብዙ ናቸው። ይህ ግን ትምህርቱን ከንቱ አያደርገውም። ማዕድ ብቻውን እንደ አስማት ልብን እንደማይለውጥ ያስጠነቅቀናል እንጂ። ከረድፉ የተነሣ ሰው ወደ ቤቱ፣ ወደ እድሩ፣ ወደ ልጁ ሠርግ ያንኑ ረድፍ ይዞ ካልሄደ፣ የበላው ምግብ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ጴጥሮስ እንኳ ከራእዩ በኋላ ማፈግፈጉን ስናስብ፣ ይህ ድካም የሰው ልጆች ሁሉ ድካም መሆኑን እንረዳለን።

ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ በየቁምስናችን ከቅዳሴ በኋላም ሆነ በበዓል ቀን የሚዘረጋው ማዕድ አንድ ረድፍ ይሁን። ዕቃው አንድ ይሁን፤ ለማንም የተለየ ቅልና የተለየ ሳሕን አይቀመጥ። አስቀድመው ከባለ እጆቹ ጎን የሚቀመጡት የቁምስናው ታላላቆችና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ቢሆኑ ሌላው ይከተላል። ታላቅ ሰው ሲቀመጥ ታናሹ ቆሞ ሊቀር አይችልምና።

ሁለተኛ፣ አገልግሎት ወደ ላይም ወደ ታችም ይሂድ። ሸክላ ሠሪዋ ሁልጊዜ የምትበላው እንግዳ፣ እኛ ሁልጊዜ የምናበላው ባለቤቶች ሆነን ከቀረን ያው የቀድሞው ሥርዓት ነው። እርሷም ታብስል፤ እርሷም ታድል፤ እኛም ከእጇ እንቀበል። ከእነዚህ ቤተሰቦች የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይመረጡ፤ የክርስትና አባትና እናት ሆነው ይጠሩ፤ በቁምስና ምክር ቤት ድምፃቸው ይሰማ። መምህሩ ደጋላ ሲሆን የማላ ልጅ ከእግሩ ሥር ተቀምጦ ይማራል፤ ያን ጊዜ ያ ልጅ የሚማረው ከትምህርቱ ቃል በላይ ነው።

ሦስተኛ፣ አፋችንን እንጠብቅ። ሰውን በሥራው ስም መስደብ፣ በልጆች ፊት «እነርሱ» እያሉ መለየት፣ በሕፃኑ ልብ ውስጥ ግድግዳ መሥራት ነው። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን እግዚአብሔር በነቢዩ በኤርምያስ አፍ ራሱን በሸክላ ሠሪ መመሰሉን፣ ጌታችንም የአናጢ ልጅ ተብሎ መጠራቱን ለልጆች ያስተምሩ።

አራተኛ፣ እንጀራችን ከየት እንደ መጣ እንጠይቅ። ሕፃን ልጁን ለሽመና ሊሰጥ ያሰበ ወላጅ ካለ፣ ጎረቤትና መምህር ቀርበው ይምከሩት፤ ችግሩንም ይካፈሉት። በገበያ ሸክላ ስንገዛ ከድኻዋ ሴት ላይ የመጨረሻዋን ብር ለማስቀነስ የምንከራከር ከሆነ፣ በእሑድ የምንጥለው ሙዳየ ምጽዋት አይካሰውም።

በጋሞ ደጋ የመስቀላ በዓል ሲደርስ፣ በየከተማው የተበተነው ልጅ ሁሉ ወደ አባቱ ቤት ይመለሳል፤ የተጣላ ይታረቃል፤ ተጣልቶ በዓሉን ማክበር ነውር ነው። ይህ መልካም ልማድ አንድ እርቅ ይጐድለዋል፤ ይኸውም በአጥር ውጭ ከቀሩት ጋር የሚደረገው እርቅ ነው። ማንም ሰው ከእነርሱ ጋር ተጣላሁ አይልም፤ ስለዚህም ማንም አይታረቃቸውም። ያለ ጠብ የተለያዩ ሰዎች እርቅ እጅግ ይከብዳል፤ በደሉን የሚቈጥርለት የለምና። በዚህ ዓመት አንድ ቤተሰብ፣ በእያንዳንዱ ቀበሌ አንድ ቤተሰብ ብቻ፣ ደጁን ከፍቶ አንድ የተናቀ ጎረቤቱን ወደ ውስጥ ቢያስገባና ከአንድ ቅል ቦርዴ ቢጠጣ፣ በጎረቤቶቹ ዘንድ ይወራል፤ አንዳንዱም ይቀየማል። ይሁን። ጎሜ እንደማይመጣ ሁሉም በዓይኑ ያያል።

በቆዳ ፋቂ ቤት ራእይን የገለጠ፣ በአናጢ ቤት ያደገ ጌታ፣ ከማን ጋር እንደምንቀመጥ የምንመርጥበትን ልብ ለውጦ፣ ለሰርጉ ግብዣ በአንድ ረድፍ ያስቀምጠን። አሜን።